ሰምና ወርቅ በአንጥረኛው ቤት

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ባለቅኔው ለጆሮ የሚሰማውን የላይኛውን ቃል ሰም፥ በውስጡ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ይለዋል። የቅኔ ተማሪም ሰሙን ገልጦ ወርቁን ለማግኘት ሌሊቱን በሐሳብ ሲዋትት ያድራል፤ ወርቁ የጠራለት እንደ ሆነ መምህሩ ያመሰግኑታል፥ የደፈረሰበት እንደ ሆነ ይመልሱበታል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከየት መጣ፥ ሰምንስ ከወርቅ ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

መልሱ የሚገኘው በቅኔ ቤት ሳይሆን በአንጥረኛው ቤት፥ በወናፉና በከሰሉ አጠገብ ነው። አንጥረኛው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይሠራዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀውም ባዶ ስፍራ ወርቁ ገብቶ የሰሙን መልክ ይይዛል። ሊቃውንቱ ምሳሌውን የወሰዱት ከዚህ ሥራ ነው።

የዚህች አጭር ጽሑፍ አሳብ ሁለት ነው። አንደኛው ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራና ከሌላው የብረታ ብረት አሠራር በምን እንደሚበልጥ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ምሳሌውን ስናከብር የምሳሌውን ባለቤት ምን ያህል እንደ ዘነጋነው ማሳሰብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ አክሱም ተልኬ ሳለሁ፥ ከሥራ የማርፍበትን ጊዜ በአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ደጃፍ ተቀምጬ ሥራቸውን በመመልከት አሳለፍሁት። ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የናስ መስቀል ተጀምራ እስክታልቅ አምስት ቀን ፈጀች።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ከጠጅ ጣይ ቤት የገዙትን ሰፈፍ አቀለጡ። ሰፈፍ፥ ስሙ እንደሚያስረዳው፥ ማር ለጠጅ ሲበጠበጥ ከላይ ተንሳፎ የሚቀረው ነው። ይህን በውሃ አፍልተው፥ በጨርቅ አጥልለው፥ እድፉን ካስወገዱ በኋላ ጥሩ ቢጫ ሰም ወጣው። ሰሙን በፍም አጠገብ እያለዘቡ በለሰለሰ ሳንቃ ላይ እንደ ክር አሹት። ክሮቹንም በጋለ ወስፌ ጫፍ እያጣበቁ፥ አንዱን በሌላው ውስጥ እያሳለፉ፥ በብራና መጻሕፍት ራስጌ እንደምናየው ሐረግ የተጠላለፈ መስቀል ሠሩ። በመስቀሉ እግር ላይ ወፈር ያለ የሰም ዘንግ ተከሉ፤ ይህ ኋላ ሰሙ የሚወጣበትና የቀለጠው ናስ የሚገባበት መንገድ ነው። በክንዶቹ ጫፍ ደግሞ ቀጫጭን የሰም ክሮች ጨመሩ፤ እነዚህም አየሩ የሚሸሽባቸው መተንፈሻዎች ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ከሰል ወቅጠው፥ እንደ ዱቄት ነፍተው፥ ከጥሩ ሸክላ አፈር ጋር በውሃ በጥብጠው ቀጭን አጥሚት አስመሰሉት፤ በዶሮ ላባም ሰሙን ቀቡት። ይህ የመጀመሪያው ልባስ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው፤ የቀለጠው ናስ የሚነካው እርሱን ብቻ ነውና። የደረቀውም በጥላ ነበር፤ በፀሐይ ቢሆን ሰሙ ይለዝባል፥ ጭቃውም ይሰነጠቃል። ሁለተኛና ሦስተኛ ልባስ ከተደረበ በኋላ በጭድ የተለወሰ ወፍራም ጭቃ ከላይ ለበሰ። ጭዱ የሚገባው ለማጠንከር ብቻ አይደለም። በእሳት ሲቃጠል በጭቃው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተዋል፤ በእነዚያም እንፋሎትና አየር ያልፋል።

ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ተጠበቀ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ቅርጹን አፉን ወደ ታች አድርገው በፍም ላይ አኖሩት። የንብ ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣልና ወዲያው መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከሥር የተቀመጠው ገልም ተቀበለው። ሰሙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ጭቃው እስኪቀላ ድረስ ጋለ። በዚያው ጊዜ የልጅ ልጃቸው ወናፉን ይነፋ ነበር፤ ናሱ በማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ከ900 ዲግሪ በላይ ግሎ እንደ ውሃ ሆነ። ሽማግሌው ቅርጹን አፉን ወደ ላይ አቅንተው በአሸዋ ውስጥ ከተከሉ በኋላ፥ ማቅለጫውን በጉጠት ይዘው፥ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ፥ ሳያቋርጡ አፈሰሱት። ከቀዘቀዘ በኋላ ጭቃውን በመዶሻ ሰበሩት። ከውስጡ ጥላሸት የለበሰች፥ ዘንግዋና መተንፈሻዎቿ ገና ያልተቈረጡላት መስቀል ወጣች። የሰሙ ክር የተጠላለፈበት ሁሉ እንዳለ ነበረ፤ ሽማግሌው በአንድ ስፍራ ሰሙን የተጫኑበት የጣታቸው አሻራ እንኳ በናሱ ላይ ይታይ ነበር።

ሥራው ትልቅና ውስጡ ክፍት መሆን የሚገባው ሲሆን፥ ለምሳሌ ሐውልት የሆነ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የጭቃ እምብርት ተሠርቶ ሰሙ በዚያ ላይ እንደ ቆዳ በስሱ ይለበጣል። ሰሙ ሲወጣ እምብርቱ ከስፍራው እንዳይናወጥ በትናንሽ የብረት ካስማዎች ይያዛል። በዚህ ዓይነት ብዙ ብረት ሳይባክን ትልቅ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ? ብረትን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማበጀት ወይም በተከፈለ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ አይቻልምን? ይቻላል፤ ነገር ግን የሰም ቅርጽ የሚበልጥባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተሠራን ናሙና በጭቃ ወይም በአሸዋ አትሞ ቅርጽ ለማውጣት፥ ናሙናው ቅርጹን ሳያፈርስ መውጣት መቻል አለበት። የተጠላለፈ ሐረግ ወይም ወደ ውስጥ የጎበጠ ክንድ ያለው እንደ ሆነ አይወጣም። ሰም ግን መጎተት አያስፈልገውም፤ ቀልጦ በራሱ ይወጣል። ስለዚህ እጅ በሰም ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ብረት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፥ በተከፈለ ቅርጽ የፈሰሰ ሥራ ሁለቱ ክፍሎች በተጋጠሙበት ስፍራ ስፌት ይቀርበታል። በሰም የተሠራው ግን ስፌትም ብየዳም ሳይኖርበት አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ሰም በጣት፥ በጥፍር፥ በወስፌ ስለሚታዘዝ በጠንካራ ብረት ላይ ለመቅረጽ ብዙ ቀን የሚፈጀው ሥራ በሰም ላይ ባጭር ጊዜ ያልቃል። ስሕተትም ቢገኝ ሰሙ ይቃናል። ሽማግሌው «ሰም ይቅር ይላል፥ እሳት ግን አይልም» ያሉኝ ይህንን ሲያስረዱኝ ነው።

አራተኛ፥ የሚያስፈልገውን ብረት አስቀድሞ ለማወቅ ያስችላል። ሰም ከውሃ በጥቂት ይቀላል፤ ነሐስ ግን ወደ 9 እጥፍ ገደማ፥ ብር 10 ተኩል እጥፍ፥ ወርቅም ከ19 እጥፍ በላይ ከውሃ ይከብዳል። ስለዚህ የሰሙ ሥራ 10 ግራም የመዘነ እንደ ሆነ፥ ለነሐስ 90፥ ለብር 110፥ ለወርቅ 200 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ባለጉዳዩም አንጥረኛውም በዚህ ሚዛን ከጥርጣሬ ይድናሉ።

ጉድለቱንም አለመሸሸግ ይገባል። አንድ ቅርጽ አንድ ሥራ ብቻ ያወጣል፤ ሥራው እንዲወጣ ቅርጹ መሰበር አለበት። ደግሞም ሰሙ አስቀድሞ ስለ ጠፋ፥ ማፍሰሱ ያልተሳካ እንደ ሆነ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። በዚያው በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ሁለተኛ ቅርጽ ነበራቸው። ጭቃው ከውስጥ በሚገባ አልደረቀም ነበርና ናሱ ሲገባ እየተንጣጣ ተረጨ፤ ሲሰበርም አንድ ክንድ የጎደላት መስቀል ወጣች። ሽማግሌው አንዳች ቃል አልተናገሩም። የተበላሸችውን መስቀል ወደ ማቅለጫው መለሱና በገሉ ላይ ከተጠራቀመው ሰም ቈርሰው እንደገና ማሸት ጀመሩ።

የዚህን ጥበብ ዕድሜ ስንመረምር ከመንግሥታት ሁሉ የሚቀድም ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር፥ መህርጋር በተባለ ጥንታዊ መንደር፥ የተሽከርካሪ እግር የመሰለች ትንሽ የመዳብ ክታብ ተገኝታለች፤ ዕድሜዋም 6000 ዓመት ያህል ይሆናል። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 መርምረው በሰም ቅርጽ የተሠራች መሆንዋን አስረድተዋል። ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ባለ ዋሻ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በምንጣፍ የተጠቀለሉ ከ400 የሚበልጡ ዕቃዎች ተገኙ። አብዛኞቹ የመዳብ ሲሆኑ ከ5000 ዓመት የበለጠ ዕድሜ አላቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚሁ ጥበብ የተሠሩ ናቸው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ የአውሮፓ መነኵሴ በሰም ቅርጽ ጽና እንዴት እንደሚፈስስ ደረጃ በደረጃ በመጽሐፉ ገልጦታል። ያ መነኵሴ የጻፈውን አክሱም ካየሁት ጋር የሚያስተያይ ሰው ዋናው መንገድ አንድ መሆኑን ይገነዘባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1897 የእንግሊዝ ጦር የቤኒንን ከተማ ያዘና አቃጠለ፤ ዛሬ በናይጄሪያ ውስጥ ካለችው ከዚህች ከተማ ቤተ መንግሥትም በሺህ የሚቈጠሩ የናስና የዝሆን ጥርስ ሥራዎች ተዘርፈው ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። አውሮፓውያን የሥራውን ጥራት ባዩ ጊዜ፥ ይህን አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም፥ ፖርቱጋሎች አስተምረዋቸው ይሆናል የሚሉ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ ኢፌ የሄደው ጀርመናዊው ሌዎ ፍሮቤኒዩስም የናስ ራስ ቅርጽ አይቶ የአፍሪካውያን ጥበብ ነው በማለት ፈንታ ከጥንት ጠፋች ከምትባለው ከአትላንቲስ ጋር አያያዘው።

የዚህ ክርክር መልስ ከመሬት ውስጥ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 ኢፌ ላይ ለቤት ሥራ መሬት ሲቈፈር ሌሎች ያማሩ የራስ ቅርጾች ተገኙ። በኢግቦ ኡኩም አንድ ሰው በግቢው የውሃ ጕድጓድ ሲያስቈፍር የነሐስ ዕቃዎች ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ተርስታን ሾው የተባለው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ስፍራውን በሥርዓት ቈፈረው። የኢግቦ ኡኩ ነሐሶች በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠሩ ሲሆኑ፥ በላያቸው ላይ የዝንብና የጢንዚዛ ምስል ሳይቀር በሰም ተቀርጾ ፈስሶአል። ፖርቱጋሎች ወደዚያ ጠረፍ የደረሱት ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ያልመጣ መምህር ሊያስተምር አይችልምና ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። የቤኒን ነሐስ አፍሳሾች እስከ ዛሬ በኢጉን ሠፈራቸው ይሠራሉ፤ ከተዘረፈውም ጥቂቱ መመለስ ጀምሮአል፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከ20 በላይ የሚሆኑትን ለናይጄሪያ አስረክባለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብረት አፍሳሾች በአክሱም ዘመን እንደ ነበሩ የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት፥ ድል ባደረገ ጊዜ ለአምላኩ አንድ የወርቅ፥ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን አጽፎአል። ከእነዚህ አንድም እንኳ አልተረፈልንም። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ግን ሐውልት ቆሞበት የነበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘ፤ የሐውልቱ እግሮች የገቡባቸው ጎድጓዶች 92 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ድንጋዩ ሲቀር ብረቱ ጠፋ፤ ብረት ቀልጦ ለሌላ ሥራ ይውላልና ድንጋይ የሚድንበት ዘመን ለነሐስ ሞት ነው። ያ ሐውልት በምን ዓይነት እንደ ተሠራ ከባዶው የእግር ስፍራ ለማወቅ አይቻልም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ታላቅ ባለሙያ እንደማይሠራ የታወቀ ነው።

ስለ መስቀሎቹ ግን ጥርጥር የለም። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዛጉዌና ከእርሱም በኋላ በነበረው ዘመን ከተሠሩት የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ ከመዳብ ቅልቅል በሰም ቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ከዝርግ ብረት እየተቈረጡ የተሠሩ መስቀሎች እየበዙ ሄዱ፤ የሰሙ ጥበብ ግን ፈጽሞ አልተቋረጠም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የተሰበሰቡትን መስቀሎች የተመለከተ ሰው የመልኩን ብዛት አይቶ ይደነቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተውል። በአንዳንዱ መስቀል ላይ የሰጪው ስም ተቀርጾ ይነበባል፤ የሠሪው ስም ግን የሚገኘው እጅግ ከስንት አንድ ነው።

የሠሪው ስም ስለ ምን ጠፋ? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእሳት ጋር የሚሠራ ሰው ጠይብ ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ቡዳ ነው እየተባለም ይፈራና ይሸሽ ነበር። በብዙ ስፍራ ርስት አልነበረውም፤ ልጁንም ሌላው አያገባለትም ነበር። በሠራው መስቀል የሚባረክ ሰው ከሠሪው ጋር በአንድ ገበታ ለመቀመጥ ይጸየፍ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ የተመሰገነ ነበር፤ ነገር ግን በልብ ውስጥ ያለ ንቀት በአዋጅ ብቻ አይነቀልም።

ይህንንም ከሽማግሌው አፍ ሰማሁት። ከመለየታችን በፊት «አባቴ፥ ይህን ሙያ ከልጆችዎ ማን ይወርሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሞረዱን አኑረው ጥቂት ዝም አሉ።

«ልጄ ከተማ ነው ያለው» አሉኝ። «አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት ነጋዴ ነው ይላቸዋል አሉ። አልፈርድበትም። እኔም በልጅነቴ ስሰደብ አባቴን ሌላ ሰው ባደረገልኝ እያልሁ አለቅስ ነበር። ነገር ግን ልጄ፥ የቅኔው መምህር ሰምና ወርቅ ሲሉ ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔ ሰምና ወርቅ ስሠራ ሰው ፊቱን ያዞራል። ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

እኔም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሼ፥ ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ተምሬና ተፈትኜ፥ መልስ አጣሁ። ባስተማሩኝ ጊዜ ሰሙ ምን እንደ ሆነ፥ ጭቃው ለምን በጥላ እንደሚደርቅ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህ ጥበብ ያለፈበት ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቶአል። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልያም ታገርት የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በሰም ቅርጽ የወርቅ ጥርስ መሙያ የሚፈስስበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ዛሬም የጄት አውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚዞሩት ምላሶች፥ ከእሳት አጠገብ እየዞሩ እንዳይቀልጡ በውስጣቸው ቀጫጭን የአየር መተላለፊያ ያላቸው፥ የሚሠሩት በሰም ነው፤ ሰሙ በሸክላ መሰል ነገር ይለበሳል፥ ይቀልጣል፥ ስፍራውን ጽኑ ብረት ይይዘዋል። ከሰው ጭንቅላት በላይ የሚያልፈው አውሮፕላንና አክሱም ላይ ወናፍ የሚነፋው ብላቴና የአንድ ጥበብ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ አንዱ በታላላቅ ፋብሪካዎች ተጽፎ፥ ተመዝግቦ፥ ተከብሮ ሲኖር፥ ሌላው ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ብቻ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። ልጁም ያፈረበት ቀን ያበቃል።

ስለዚህ መምህራን ሰምና ወርቅን በሚያስተምሩበት ጊዜ ተማሪዎቻቸውን አንድ ቀን እንኳ ወደ አንጥረኛ ቤት ቢወስዱአቸው፥ ትምህርቱ ከጆሮ አልፎ ወደ ዐይን ይደርሳል። ሹማምንትም በየአውራጃው የቀሩትን ባለሙያዎች ስማቸውን፥ መሣሪያቸውንና አሠራራቸውን ሳይረፍድ ቢያስመዘግቡ፥ የኋላው ትውልድ ባዶ የእግር ስፍራ ብቻ አይወርስም። ተማሪውም አባቱ አንጥረኛ የሆነ ባልንጀራ ቢኖረው፥ ስለ ምሳሌው የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ እንዳለ ይወቅ።

ወርቁን ለማግኘት ሰሙን መግለጥ እንደሚገባ ሊቃውንት አስተምረውናል። አንጥረኛው የሚያስተምረን ደግሞ ይህ ነው፤ ወርቅ የራሱ መልክ የለውም፥ መልኩን የሰጠው ሰሙ ነው፤ ሰሙንም ያበጀው የሰው እጅ ነው። ወርቁን ያደነቅን ሁሉ ያን እጅ እንድናከብር ግዴታ አለብን።